የአውሮፕላኑ ቅብና የቀቢው ሳንባ

በጋይንት፣ በነፋስ መውጫ ከተማ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። መካነ ኢየሱስ ተወልጄ አድጌ ኬሚስትሪ ተማርሁ፤ ዕድሜዬንም ያሳለፍሁት ብረት ለምን እንደሚዝግና ከዝገት እንዴት እንደሚጠበቅ በመመርመር ነው።

የንግግሬን ርእስ በስልክ ስናገር ከአዘጋጆቹ አንዱ ወንድሜ በቅንነት «ጋይንት ላይ የአውሮፕላን ነገር ምን ያደርግልናል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አብዛኞቻችን አውሮፕላንን የምናውቀው ከጉና ራስ በላይ ነጭ መስመር ጥሎ ሲያልፍ ነው። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጡት ወጣቶች ጥቂቶቹ ነገ አዲስ አበባ ገብተው የአውሮፕላን ጥገና ይማራሉ፤ ብዙዎቹ ደግሞ እዚሁ ገበያ ዳር ብየዳ ቤት ከፍተው በርና መስኮት ይሠራሉ። የሁለቱም ሥራ መጨረሻ ቅብ ነው፤ ሁለቱም ቅቡን ይተነፍሱታል። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፦ አውሮፕላንን ከዝገት የሚጠብቀው ቅብ ቀቢውን ሲጎዳ እንደኖረ፣ ይህን ለማስቀረትም ምን እየተደረገ እንደሆነ። በቅድሚያ ስለ ዝገት ራሱ ከቤታችን ጣሪያ ተነሥቼ እናገራለሁ፤ ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ቆዳ፣ ከዚያም ወደ መርዙና ወደ ምትኮቹ እሄዳለሁ፤ በመጨረሻ ወደ ብየዳ ቤታችን እመለሳለሁ።

ይህ በእጄ የያዝሁት ከእናቴ ማድ ቤት ጣሪያ የተነቀለ ቆርቆሮ ነው። በዚህ በኩል፣ ሌላው ቆርቆሮ ተደርቦበት በነበረው ዳር፣ ገና እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። በዚህ በኩል ግን የባሕር ዛፍና የኩበት ጭስ ከእንፋሎት ጋር እየተቀላቀለ ሲያርፍበት ኖሯልና ቀይ ሆኖ ተበስቷል። ከመካከል ደግሞ ሚስማር የቧጨረው መስመር አለ። ጭረቱ እስከ ብረቱ ድረስ የዘለቀ ነው፤ ዳሩ ግን አልዛገም። ለምን?

ቆርቆሮ የምንለው ስስ የብረት ሉሕ ሲሆን ዚንክ የለበሰ ነው። ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመለበጡን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1837 ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ አስመዘገበው። ብልሃቱ ዚንኩ ውሃና አየር መከልከሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭረቱ በዛገ ነበር። ዚንክ ከብረት ይልቅ ለመበላት የቀረበ ነው፤ ሁለቱ ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው ዚንኩ ቀድሞ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። ዚንኩ ለብረቱ ቤዛ ይሆናል ማለት ነው። ቤዛው ሲያልቅ ብረቱ መዛግ ይጀምራል፤ የማድ ቤቱ ጫፍ የደረሰበትም ይኸው ነው።

ከዚህ ፍጹም የተለየ ሌላ ጥበቃ ደግሞ በዚሁ በጋይንት ምድር ላይ ተጎትቶ አልፏል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት አድርገው በጨጨሆ አሳልፈው ወስደውታል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። ያን ያህል ክብደት በሰው ጉልበት እነዚህን ገደሎች ሲሻገር እያሰብሁ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ ከ150 በላይ ክረምት ዘንቦበታል፤ ሆኖም በልቶ የጨረሰው ዝገት የለም። ሴባስቶፖል ነሐስ ነው፤ በነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ አየርና ዝናብ ሲያገኘው በራሱ ላይ ጠይምና አረንጓዴ ቆዳ ያበቅላል፣ ያ ቆዳ የውስጡን ይጠብቃል። ለምን አሁን እንደነገርኋችሁ ወደኋላ ይገለጽላችኋል፤ በአውሮፕላን ላይ ያው መዳብ ጠላት ሆኖ ይመጣልና።

ወደ አውሮፕላኑ ቆዳ ልለፍ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተመሥርቶ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመው ዳግላስ ሲ-47 የሚባለውን አውሮፕላን ነበር። አካሉ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ከአየር ጋር በተገናኘበት ቅጽበትም ውፍረቱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ የሆነ ጠንካራ ቆዳ በራሱ ላይ ያበጃል። ድስታችሁ ሳይዝግ ለዓመታት የሚያገለግላችሁ በዚህ ነው። ነገር ግን ንጹሕ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ክንፍ ሊሸከም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1906 አልፍሬድ ቪልም የተባለ ጀርመናዊ ጥቂት መዳብ ቢጨመርበት፣ ሞቆና በፍጥነት ቀዝቅዞ ቢቀመጥ፣ ከቀናት በኋላ እጅግ እንደሚጠነክር አገኘ። ዛሬም በአውሮፕላን ቆዳ ላይ ከሚታወቁት ቅይጦች አንዱ ከመቶ አራት እጅ ያህል መዳብ አለበት።

ጥንካሬው በዋጋ የመጣ ነው። መዳቡ በአሉሚኒየሙ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ዘር ተበትኖ ይቀመጣል። እርጥበት ሲመጣ መዳቡና አሉሚኒየሙ እንደ ባትሪ ድንጋይ ሁለት ጫፎች ይሆናሉ፤ መዳቡ ሳይነካ ዙሪያውን ያለው አሉሚኒየም ይበላል። ከላይ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ በውስጡ ግን እንደ ነቀዝ የቦረቦረው ጉድጓድ ይኖራል። ሴባስቶፖልን የጠበቀው መዳብ ክንፉን የሚያስበላው ለዚህ ነው።

እርጥበቱስ በሰማይ ላይ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ብዙው ከእኛው ነው። ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጉዞ የሚተነፍሰው እንፋሎት በቀዝቃዛው የአውሮፕላን ቆዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ በረዶ ይሆናል፤ ሲወርዱ ቀልጦ ወደ ወለሉ ሥር ይንጠባጠባል። ከመጸዳጃውና ከማእድ ቤቱ የሚፈሰው ይጨመርበታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው፤ አየሩ ጨው የለበትም። አውሮፕላኑ ግን ቦሌ አይውልም፤ ጅቡቲ፣ ሙምባይ፣ ሌጎስ ወርዶ የባሕር አየር ተነክሮ ይመለሳል።

ይህ ቸል ሲባል ምን እንደሚያመጣ ዓለም ያየው ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም በሃዋይ ደሴቶች ነው። የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ሲበር ከፊት በኩል ያለው ጣሪያው አምስት ሜትር ተኩል ያህል ተገንጥሎ ሄደ። አውሮፕላኑ 19 ዓመት በጨዋማ አየር ውስጥ አጫጭር በረራ ሲያደርግ የኖረ ነበር፤ የቆዳው መጋጠሚያ እርጥበት ገብቶበት ዝገቱና የብረቱ ድካም ተባብረው ከፈቱት። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን አሳረፉት፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ግን ተወስዳ ቀረች። ከዚህ በኋላ ስለ ጎጂ ቅብ የምናገረውን ስትሰሙ ይህን አትርሱ። ቅቡ ያለ ምክንያት አልተቀባም። የሰው ነፍስ ያተረፈ ቅብ ነው።

የአውሮፕላን ልብስ ሦስት ድርብ ነው። ታችኛው አሉሚኒየሙ በኬሚካል ታጥቦ የሚያበቅለው ስስ ልባስ ነው። ከዚያ ላይ ፕራይመር የሚባለው ቅብ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ነው። ከሁሉ በላይ የምናየው ቀለም፣ በአየር መንገዳችን ጅራት ላይ ያለው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ይቀባል። ጌጡ የላይኛው ነው፤ ዝገትን የሚዋጉት ሁለቱ የታችኞቹ ናቸው። ለመቶ ዓመት ገደማ በሁለቱም ውስጥ የነገሠው ክሮሜት የሚባለው ነው።

ክሮሚየም የሚባለውን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1797 ያገኘው ፈረንሳዊው ቮክላን ነው፤ ስሙም ከግሪክኛው «ቀለም» የመጣ ነው፤ ውሕዶቹ ሁሉ ያሸበረቁ ናቸውና። ክሮሜት የምንለው ክሮሚየም ስድስት ኤሌክትሮን አጥቶ ሲገኝ ነው፤ «ስድስተኛው ክሮሚየም» ልበለው። ይህ ቅብ ራሱን ያክማል፤ ይህ ነው ያስመካው። ፕራይመሩ ላይ ጭረት ሲደርስ፣ እርጥበት ሲገባ፣ በቅቡ ውስጥ የተቀመጠው ክሮሜት ጥቂት በጥቂት ሟሙቶ ወደ ጭረቱ ይፈሳል። እዚያ ሲደርስ ወደ «ሦስተኛው ክሮሚየም» ተለውጦ፣ በተለይም በእነዚያ የመዳብ ዘሮች ላይ ተለጥፎ ባትሪውን ያጠፋዋል። ሐኪም ሳይጠራ የሚድን ቁስል ማለት ነው። በሃያና ሠላሳ ዓመት አገልግሎት ውስጥ እጅ በማይገባበት፣ ዐይን በማያየው መጋጠሚያ ሁሉ ይህን ይሠራል። እኔ ክሮሜትን ማውገዝ የማይቀናኝ ስለዚህ ነው፤ በሙያችን ውስጥ እንደ እርሱ ያለ ጠባቂ አልተገኘም።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል ደረስሁ። ክሮሜት በውሃ ሟሙቶ ሲሄድ ቅርጹ ሰልፌት ከሚባለው፣ ሰውነታችን ከሚፈልገው ነገር ጋር ይመሳሰላል። የሰውነታችን ሕዋስ ሰልፌት የሚያስገባበት በር አለው፤ ክሮሜት በዚያው በር እንደ ዘመድ ይገባል። ከገባ በኋላ ወደ ሦስተኛው ክሮሚየም ሲለወጥ፣ ያው በጭረቱ ላይ መድኃኒት የነበረው ለውጥ፣ የዘር መልእክታችንን የያዘውን ዲኤንኤ ይጎዳል። ቅቡን የሚያድነውና ሰውን የሚያሳምመው ጠባይ አንድ መሆኑን ስገነዘብ ገና ተማሪ ነበርሁ፤ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1890 በክሮም ቀለም ሠራተኛ አፍንጫ ላይ የተገኘ ካንሰር ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የክሮሜት ሠራተኞች የአፍንጫቸው ግድግዳ መበሳቱ፣ ሳንባቸው በካንሰር መያዙ በብዙ አገር ታውቋል። ዛሬ የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ስድስተኛውን ክሮሚየም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው መካከል አስፍሮታል።

እዚህ ላይ እንዳትደናገጡ አንድ ነገር ልለይ። ከእስቴ ገበያ የተገዛ የበግ ቆዳ ባሕር ዳር ወይም ሞጆ ፋብሪካ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ያ ግን ሦስተኛው ክሮሚየም ነው፤ የሕዋሳችንን በር በቀላሉ አያልፍም። ዝቃጩ ወንዝ ውስጥ መጣሉ የራሱ ጣጣ አለው፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን አይደለም። ጫማችሁን አትፍሩ። የምንፈራው ስድስተኛውን ነው፤ ያውም በዋናነት በትንፋሽ ሲገባ።

ተሳፋሪው አይተነፍሰውም። በደረቀው ቅብ ውስጥ ተይዟል። የሚተነፍሰው በስፕሬይ የሚረጨው፣ አሮጌውን ቅብ በብርጭቆ ወረቀትና በመፈግፈጊያ የሚያነሣው፣ ቆዳውን የሚበሳው፣ ወለሉን የሚጠርገው ሠራተኛ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 5 ማይክሮግራም አወረደችው። ቁጥሩን በዚህ አዳራሽ ልመንዝረው። አዳራሹ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 10፣ ከፍታው 4 ሜትር ቢሆን 800 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አምስት ማይክሮግራም በስምንት መቶ ሲባዛ አራት ሚሊግራም ይሆናል። አንዲት የጤፍ ፍሬ የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ያህል ትመዝናለች። እንግዲህ ከአሥር እስከ ሃያ የጤፍ ፍሬ የሚመዝን ስድስተኛ ክሮሚየም በዚህ አየር ቢበተን፣ ሁላችንም የተቀመጥነው በወሰኑ ላይ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ዐይን አያየውም፤ ሽታም የለውም።

ታዲያ ክሮሜት ለምን አልተተወም? አውሮፓ ከስድስተኛው ክሮሚየም ውሕዶች መካከል የክሮሚየም ትሪኦክሳይድን አጠቃቀም ከመስከረም 2010 ዓ.ም፣ የስትሮንቲየም ክሮሜትን ደግሞ ከጥር 2011 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ከልክላለች። የአውሮፕላን ሥራ ግን ፈቃድ እየጠየቀ መጠቀሙን ቀጥሏል። ይህን መዘግየት ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። አዲስ ፕራይመር የሚፈተነው በጨው ጭጋግ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከመቶ አምስት እጅ ጨው ያለው ውሃ በ35 ዲግሪ ሙቀት እየተረጨበት ሁለትና ሦስት ሺህ ሰዓት መቆየት አለበት። ሦስት ሺህ ሰዓት አራት ወር ነው። አውሮፕላኑ የሚኖረው ግን ሠላሳ ዓመት ነው፤ የአራት ወር ሳጥን የሠላሳ ዓመት መጋጠሚያን አይመሰክርም። በአሎሃ የሆነውን የሚያውቅ መሐንዲስ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። የማልስማማበት ሌላው ግማሽ ነው፦ ምትኩ እስኪገኝ ሠራተኛው ይታገሥ የሚለው።

ምትኮቹ እየመጡ ነው፤ ታችኛው ድርብ ቀድሞ ተቃንቷል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች በሦስተኛው ክሮሚየምና በዚርኮኒየም የሚሠራ ልባስ አበጅተው አሁን በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ቀድሞ በክሮሚክ አሲድ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይደረግ የነበረውን የቆዳ ማወፈር ደግሞ ኤርባስ በሰልፈሪክና በታርታሪክ አሲድ ለውጦታል። ታርታሪክ አሲድ ማለት በወይን ውስጥ ያለው አሲድ ነው። ቦይንግ በበኩሉ በሰልፈሪክና በቦሪክ አሲድ ሄዷል።

ያስቸገረው ፕራይመሩ ነው፤ ራሱን ማከም አለበትና። ከተሞከሩት መንገዶች ልቤን የሚነኩት ሁለቱ ናቸው። አንዱ የእናቴን ቆርቆሮ መንገድ የተከተለ ነው። በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ የተነሡ ተመራማሪዎች ቅቡን በማግኒዥየም ዱቄት ሞሉት። ማግኒዥየም ከአሉሚኒየም ይልቅ ለመበላት የቀረበ ነውና ዚንክ ለብረት እንደሆነው ለአሉሚኒየም ቤዛ ይሆናል። ሁለተኛው የክሮሜትን መንገድ ያለ መርዙ የተከተለ ነው። በኔዘርላንድስ በዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከቀለም ፋብሪካ ጋር በተሠራ ጥናት፣ የሊቲየም ጨው በፕራይመር ውስጥ ተቀመጠ። ጭረት ሲመጣ ሊቲየሙ ሟሙቶ ይፈሳል፤ የጭረቱን ውሃ አሉሚኒየሙ ራሱ ወፈር ያለ ጠባቂ ቆዳ እንዲያበቅል ወደሚያደርግ ጠባይ ይለውጠዋል። መድኃኒቱ ብረቱ ራሱን እንዲፈውስ ያነሣሣል ማለት ነው። እኔ ተስፋዬን የጣልሁት በዚህኛው ላይ ነው።

አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ከካርቦን ቃጫ የተሠሩ ናቸውና ጉዳዩ በራሱ ያልፋል የሚል ሰው አይጠፋም። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር በክብደት ግማሹ ያህል ካርቦን የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። ሆኖም ከመቶ ሃያ እጅ ያህሉ አሁንም አሉሚኒየም ነው፤ ካርቦን ደግሞ አሉሚኒየምን ሲነካው እንደ መዳቡ ያስበላዋል። በዚያ ላይ ቦሌ የሚጠግነው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አገሮችንም አውሮፕላን ነው፤ አሮጌው አውሮፕላን የለበሰውን አሮጌ ቅብ ይዞ ይመጣል። አዲሱ ፕራይመር ዛሬ በዓለም ሁሉ ቢቀባ እንኳ፣ አሮጌውን የሚፍቀው እጅ ገና ለብዙ ዓመት ክሮሜት ይነካል። ቦሌ ለሚማሩ ልጆቻችሁ የምነግራቸው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ቢጫ አረንጓዴውን ፕራይመር ስታዩ በደረቁ አትፈግፍጉት።

በመጨረሻም ወደዚሁ ወደ ጋይንት ልመለስ። አንድ የአጎቴ ልጅ በወጣትነቱ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። የሠራበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። ቢጫ ፕራይመር በስፕሬይ ይረጫል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ አፉን በሻሽ ይሸፍናል። አፍንጫው ውስጥ የማይድን ቁስል ወጣበት፤ ይደማ ነበር። ጣሳው ላይ በውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ አልነበረም፤ የነገረውም ሰው አልነበረም። ሥራውን ትቶ እስቴ ገብቶ ማረስ ጀመረ። ያ ቅብ ምን እንደነበረ ለማወቅ ጣሳው በእጄ ቢኖር ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጭቻለሁ።

ትናንት እዚህ ከተማ ሦስት ብየዳ ቤቶች ገብቼ ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ በሩን ቆንጆ አድርገው ይበይዳሉ፣ በግራይንደር ያለሰልሳሉ፣ አንቲረስት ይቀባሉ፣ ከላዩ ቀለም ይረጫሉ። ዝገት የሚከላከለው ቅብና ደማቅ ቢጫ ቀለም ከጥንት ጀምሮ እርሳስና ክሮሜት የሚገባባቸው ናቸው፤ እርሳስ ክሮሜት የሚባለው ቢጫ ሁለቱንም መርዞች በአንድ ላይ ይዟል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ በኪሎ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ መልካም ደንብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም መከላከያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ደንቡ ጣሳው እስከሚሸጥበት ሱቅ፣ አዋጁም እስከ ብየዳ ቤቱ በር እንዲደርስ ግን የሚጠይቅ ገዢና የሚጠይቅ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ምን ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ጣሳ አትግዙ። አሮጌ ቅብ ስታነሡ በውሃ እያረጠባችሁ እሹት፤ እርጥብ ብናኝ አይነሣም። ወለሉን በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሡት። ሻሽና ነጠላ ለአቧራ እንጂ ለዚህ አይሆኑም፤ ፊት ላይ የሚገጥም፣ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ነው የሚያስፈልገው። የሥራ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ሕፃን አትቀፉ።

ከሦስቱ ብየዳ ቤቶች በሁለቱ ቀለም የሚረጨው በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አቧራ እርጥቡ ቀለም ላይ እንዳያርፍ ነው አሉኝ። ምክንያታቸው ገብቶኛል። ግን ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከነፋሱ ነው፤ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ነፋስ ከአራቱም አቅጣጫ በሚወጣባት ቦታ፣ ወጣት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀለም ሲተነፍስ ማየት አንጀቴን በላው። በነፋሱ ትይዩ ሁለት መስኮት ክፈቱ፤ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ቀቡ፤ አቧራ ያረፈበት በር እንደገና ይቀባል።

ጥያቄ ላላችሁ እቆያለሁ። ቆርቆሮውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ መጥታችሁ ዳሰሱት። ከጎኑ ያሉት ሁለቱ ቁራጮች አሉሚኒየም ናቸው፤ ያልተቀባው የመዳብ ቅይጡ ነው፤ ለአንድ ወር በጨው ውሃ ውስጥ ያቆየሁት ነውና ነጩን ዱቄትና ጥቁሮቹን ነጠብጣቦች ተመልከቱ። ሌላኛው ያለ ክሮሜት የተቀባ ሆኖ መካከሉን በሚስማር የጫርሁት ነው፤ እርሱም ያንኑ አንድ ወር በዚያው ውሃ ውስጥ ነበር። ወደ መስኮቱ አቅርባችሁ ጭረቱን እዩት።